ይግባኝና ስድብ፤ ስለ «ሚድናይት ኤክስፕረስ» ፊልም አንዳንድ አስተያየት

ይግባኝ የበታች ዳኛ የዘጋውን በር የበላይ ዳኛ ይከፍተው ዘንድ የተፈረደበት ሰው የሚያሰማው አቤቱታ ነው። በሩ ለከሳሽም ክፍት መሆኑን ግን ብዙ ጊዜ እንዘነጋለን። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የሀገራችን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሥነ ሥርዓት እንኳ «ቅጣቱ አንሷል» የሚል ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ እንዲል መንገድ ሰጥቶታል። አለን ፓርከር ያዘጋጀው፣ ኦሊቨር ስቶን የፊልም ጽሑፉን የደረሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1978 ለሕዝብ የቀረበው «ሚድናይት ኤክስፕረስ» የተሰኘው ፊልም መነሻ ያደረገው፣ በዚሁ በር ገብቶ አንድን ወጣት ያገኘውን መከራ ነው።

ቢሊ ሄይስ የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1970 ሁለት ኪሎ ያህል ሐሺሽ በገላው ላይ አስሮ ከኢስታንቡል ሊወጣ ሲል አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ተያዘ። ፍርድ ቤቱ ዕፁን ይዞ በመገኘት ጥፋት 4 ዓመት ከ2 ወር ፈረደበት። ሊፈታ ሳምንታት ብቻ ሲቀሩት ግን፣ አንካራ የሚገኘው የበላይ ፍርድ ቤት ጥፋቱ ከሀገር ማሻገር ነው ሲል የቀድሞውን ፍርድ ሻረው፤ አዲሱ ቅጣት የዕድሜ ልክ እስራት ሆኖ ወደ 30 ዓመት ተቀነሰ።

ለተውኔት ጸሐፊ ከዚህ የበለጠ ጉዳይ ከወዴት ይመጣል? ሰውየው ያው ነው፤ ሐሺሹም አልጨመረም። «ይዞ መገኘት» በ«ማሻገር» ቢተካ፣ ያ አንድ ቃል ሃያ ስድስት ዓመት ሊሞላ ሁለት ወር የቀረው ተጨማሪ እስራት ወለደ።

ፊልሙ ወደዚህ ትዕይንት ሲደርስ ያለው ኃይል የሚካድ አይደለም። ብራድ ዴቪስ የሚጫወተው እስረኛ በዳኞቹ ፊት ቆሞ ወንጀልና ቅጣት በየጊዜውና በየቦታው የሚለዋወጡ መሆናቸውን ሲናገር ተመልካቹ ጆሮውን ያቀናል። ወዲያው ግን ንግግሩ ይቅርታን ይነፍግና ከዳኞቹ አልፎ መላውን የቱርክ ሕዝብ ወደ መስደብ ይሸጋገራል። ሙግቱ እዚያው ላይ ይሞታል።

«የተማረረ እስረኛ ቢሳደብ ምን ያስገርማል?» የሚል አይጠፋም። ገጸ-ባሕርይ ይሳደብ፤ መብቱ ነው። ጥፋቱ ደራሲው ከተሳዳቢው ጋር ማበሩ ላይ ነው። በፊልሙ ውስጥ ደግ ቱርካዊ ፈልጎ ማግኘት ያዳግታል፤ ስለዚህ ስድቡ የአንድ ሰው ምሬት መሆኑ ቀርቶ የፊልሙ ብይን ይሆናል።

ከሁሉ የሚያሳዝነው እውነቱ ለመድረክ የተሻለ መሆኑ ነው። ሄይስ በመጽሐፉ እንደተረከው፣ በዚያ ዕለት ለዳኞቹ የተናገረው ፍርዱን እንደማይቀበልና ማድረግ የሚችለው ይቅር ማለት ብቻ እንደሆነ ነው። የተፈረደበት ሰው ፈራጁን ይቅር ሲል ችሎቱ ይገለበጣል። «በላ ልበልሃ» እያለ በነገር ጥንካሬ ሲሟገት የኖረ ሕዝብ የዚህን ንግግር ክብደት ያውቃል። ስቶን ግን ወርቁን ጥሎ ጩኸቱን አነሣ።

ሌሎቹም ለውጦች በዚሁ መንገድ የሄዱ ናቸው። ሄይስ ከዚያ በፊት ሦስት ጊዜ ሐሺሽ አሻግሮ እንደ ነበር ኋላ ራሱ ተናግሯል፤ የፊልሙ ወጣት ግን በአንድ ቀን ስሕተት የወደቀ የዋህ ነው። እውነተኛው ሰው እ.ኤ.አ. በ1975 ከኢምራሊ ደሴት እስር ቤት በጀልባ ቀዝፎ አመለጠ፤ የፊልሙ ሰው ጠባቂ ገድሎ ልብሱን ለብሶ ይወጣል። ደራሲው የሰውየውን ጥፋት አቅልሎ የሕዝቡን አከበደ። ይህም የፊልም ጽሑፍ የኦስካር ሽልማት ተቀበለ።

ስቶን እ.ኤ.አ. በ2004 ቱርክ ሄዶ ይቅርታ ጠየቀ። ሄይስም በ2007 ወደ ኢስታንቡል ተመልሶ በፊልሙ ማዘኑን ገለጸ። የኢስታንቡሉ እስረኛ ቢያንስ የሚሰማው ችሎት ነበረው። በፊልም የተፈረደበት ሕዝብ ግን ይግባኝ የሚልበት ሸንጎ የለውም፤ ደራሲው ራሱ ጽሑፉን መልሶ እስኪመረምር ይጠብቃል። የቱርክ ሕዝብ 26 ዓመት ጠብቋል።