ግድግዳን ከጎን ማየት

የተቀባ ግድግዳን ፊት ለፊት ቆሞ መፍረድ አይቻልም። ትኩስ ቀለም ፊት ለፊት ሲያዩት ሁሉም ያምራል። ሥራ የሚያውቅ ሰው ጉንጩ ሊነካው እስኪደርስ ወደ ግድግዳው ይጠጋና በርዝመቱ አሻግሮ ያየዋል፤ ያውም ብርሃን ከመስኮት በጎን በሚገባበት ሰዓት። ያን ጊዜ የተደበቀው ሁሉ ይወጣል፦ የስቱኮው ሞገድ፣ ብርጭቆ ወረቀት ያልደረሰበት ጉብታ፣ ሩሎው ደርሶ የተመለሰበት መስመር፣ አቧራው ሳይጠረግ የተቀባ ጥግ። ከመሸም የእጅ ባትሪ ግድግዳው ላይ አስጠግቶ በጎን ማብራት ያንኑ ያሳያል።

ይህን ከቀለም ምርጫ ያስቀደምኩት በምክንያት ነው። ብዙ ሰው ሳምንት ሙሉ ክሬምን ከክሬም ሲያማርጥ ይከርምና ለስቱኮው ሁለት ቀን መስጠት ይከብደዋል። ቀለም ግን ስስ ሽፋን ነው፤ ከሥሩ ያለውን ይከተላል እንጂ አያቃናውም። አዲስ የተለሰነ የሲሚንቶ ግድግዳ ደግሞ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ሲሚንቶ ጠንካራ የአልካላይን ጠባይ ስላለው ሳይደርቅ የተቀባበትን ቀለም መልኩን ያቃጥለዋል፤ ውስጡ የቀረው እርጥበትም ወደ ውጭ ሲወጣ ጨው ይዞ ይመጣና ነጭ ዱቄት ሆኖ ግድግዳው ላይ ይቀራል። ቢያንስ 28 ቀን መጠበቅ የተለመደ ደንብ ነው፤ በክረምት ግን ያም አይበቃም። ለእንቁጣጣሽ ቤቴ ይመርልኝ ብሎ በነሐሴ የሚያስቀባ ሰው ዓመቱ ውስጥ እርጥበት ከሚበዛባቸው ወራት አንዱን መርጧል ማለት ነው። የሚቻል ከሆነ ጥቅምትና ኅዳርን ይጠብቁ። ደረቅ አየር፣ ንፋስ፣ በቂ ፀሐይ፤ ለቀቢም ለግድግዳም ከዚያ የሚሻል ጊዜ የለም።

ቀለሙ ግድግዳውን መያዙን ማወቅ ቀላል ነው። ከደረቀ ሳምንት ካለፈው በኋላ ፕላስተር ለጥፎ በአንድ ጊዜ ማላቀቅ፤ ቀለሙ አብሮ ከተነሣ ወይ አቧራው አልተጠረገም፣ ወይ ፕራይመር ተዘሏል። ሌላው ጥቁር ጨርቅ ነው። ግድግዳውን በመዳፍ ልክ ሲያሹት ጨርቁ ላይ ዱቄት ከቀረ ቀለሙ ርካሽ ነው ወይም ውሃ በዝቶበታል። ውሃ የበዛበት ቀለም በመጀመሪያው ቀን ከደህናው አይለይም፤ የሚለየው ልጅ በጠመኔ የጻፈበትን ለማጥፋት እርጥብ ጨርቅ ሲያስነኩት ነው።

አሁን ወደ ቀለሙ። ቀለም በሱቅ አይመረጥም፤ የሚመረጠው በሚቀባበት ክፍል፣ በዚያ ክፍል ብርሃን ነው። እዚህ ላይ ከውጭ የመጡ ምክሮች ብዙ ሰው ያሳስታሉ። በአውሮፓና በአሜሪካ የሚጻፉ መጻሕፍት «ሰሜን የሚያይ ክፍል ቀዝቃዛ ነው፣ ሞቅ ባለ ቀለም ቅቡት» ይላሉ። ለለንደን እውነት ነው፤ እዚያ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ናት። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ትሆናለች፤ በቀረው ጊዜ በደቡብ። ስለዚህ ለእኛ ቤት ወሳኙ ምሥራቅና ምዕራብ ነው። ምሥራቅ የሚያይ መኝታ ቤት ጠዋት ወርቅማ ብርሃን ይሞላበታል፤ ከቀትር በኋላ ግን የሚያገኘው የሰማዩን ሰማያዊ ነጸብራቅ ብቻ ነው። እዚያ የተቀባ ፈዛዛ ግራጫ ጠዋት ለስላሳ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ብርድ ብርድ የሚል ይሆናል። ምዕራብ የሚያይ ሳሎን ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምሮ ብርሃኑ እየቀላ ይሄዳል፤ ቢጫ ወይም ኮክ መሰል ቀለም ከተቀባ በዚያ ሰዓት ክፍሉ ይነዳል። ለእንዲህ ያለው ሳሎን ወደ ቅጠልያ ወይም ወደ አመድማ የሚያደላ ቀለም ዓይን ያሳርፋል።

ብርሃን ደግሞ ከሰማይ ብቻ አይመጣም። መስኮቱ ፊት ለፊት የጎረቤት ሰማያዊ ቆርቆሮ ጣሪያ ካለ፣ ከሰዓት በፊት ኮርኒስዎ ላይ ሰማያዊ ጥላ ያያሉ። የቀይ ሸክላ ወለል ከታች ያቀላል፤ ግቢው ውስጥ ያለ የአቮካዶ ዛፍ ነጩን ግድግዳ አረንጓዴ ያደርገዋል። ይህን የሚያውቅ ባለሙያ የቀለም ናሙና ካርዱን ከመግለጡ በፊት መስኮቱን ከፍቶ ወደ ውጭ ያያል። ያን ሲያደርግ ያየሁትን ቀቢ አምነዋለሁ።

ሌላው አምፖል ነው። አብዛኛው ቤተሰብ ሳሎኑ ውስጥ የሚሰበሰበው ከመሸ በኋላ ነው፤ ቀለሙም በብዛት የሚታየው በአምፖል ነው። ማሸጊያው ላይ 2700 ኬልቪን የሚል አምፖል ቢጫ ያደላል፤ 6500 የሚለው ደግሞ ወደ ሰማያዊ የሚወስድ ነጭ ነው። በፀሐይ የተወደደ ክሬም በ6500 ሥር ሕይወት ያጣል፤ ግራጫም በ2700 ሥር ቆሻሻ ቢጫ ይመስላል። ሁለት ቀለሞች በቀን አንድ ሆነው ማታ ሊለያዩ መቻላቸውም የታወቀ ነገር ነው፤ አሮጌ ግድግዳ ላይ በአዲስ ቀለም ጥገና ሲደረግ የሚያጋልጠው ይኸው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ አምፖሉን ይወስኑ፣ ከዚያ ቀለሙን።

ሙከራው እንዲህ ነው። ትንሹን ቆርቆሮ ይግዙና ትልቅ ነጭ ካርቶን ላይ ሁለት እጅ ይቅቡ። አሮጌው ግድግዳ ላይ በቀጥታ አይሞክሩ፤ ከጎኑ ያለው የድሮ ቀለም ዓይንን ያታልላል። ፕላስቲክ ቀለም ሲደርቅ አብዛኛውን ጊዜ ስለሚጠቁር ደርቆ እስኪያልቅ አይፍረዱ። ከዚያ ካርቶኑን ጠዋት በመስኮቱ አጠገብ፣ ቀትር ላይ በተቃራኒው ግድግዳ፣ ማታ ከሶፋው ጀርባ ያቁሙት። ደማቅ ቀለም በተለይ ይህን ይፈልጋል፤ አራቱም ግድግዳ ሲቀባ አንዱ ሌላው ላይ እያንጸባረቀ ቀለሙን ያበረታዋል። በካርዱ ላይ ልክ የመሰለ ቢጫ በክፍሉ ውስጥ ይጮኻል። ከወደዱት አንድ ደረጃ ፈዘዝ ያለውን መውሰድ ይበጃል።

ስለ ንጹሕ ነጭም ልናገር። ኮንዶሚኒየም ጠባብ ስለሆነ ነጭ ያሰፋዋል ይባላል። ምንም ያልተቀላቀለበት ነጭ ግን ብዙ ብርሃን ይፈልጋል፤ ብርሃን ባነሰው ኮሪደርና ጥግ ውስጥ ግራጫ ሆኖ ይሞታል፣ በተቃራኒው ፀሐይ በቀጥታ በሚያገኘው ክፍል ዓይን ይወጋል። ትንሽ ቢጫ አፈር ወይም ትንሽ ቀይ የነካው ነጭ ለቤታችን የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ።

ቀለምን በቦታው ስለማኖር ከጁገል ውስጥ ካሉት የድሮ የሐረሪ ቤቶች የተሻለ አስተማሪ አላውቅም። ዋናው ክፍል ብርሃን የሚያገኘው በአብዛኛው በግቢው በኩል ባለው በር ነው። ስለዚህ የላይኛው ግድግዳ ነጭ ሆኖ ያን ብርሃን ወደ ውስጥ ይሸከማል። ቀዩ ከታች ነው፤ ወለሉና ደረጃ በደረጃ ከፍ የሚለው መቀመጫ፣ ነደባው። ቀዩ በ1887 እ.ኤ.አ. በጨለንቆ ጦርነት የወደቁትን ደም ለማሰብ ነው ይባላል። ከዚያ በላይ ያለውን ቀለም የሚያመጡት ስፌቶቹና ሳህኖቹ ናቸው፤ ነጩ ግድግዳ ላይ በተራ ተሰቅለው። ቀዩ ጠንካራ ነው፤ ግን ሰው በሚቀመጥበት ከፍታ ላይ ስላለ ክፍሉን አያጠብም። ዛሬ አንዱን ግድግዳ ብቻ የወይን ጠጅ ወይም ጥቁር ሰማያዊ መቀባት በጣም ተለምዷል። የሚሳካው ግድግዳው ምክንያት ሲኖረው ነው፦ የአልጋው ራስጌ ሲሆን፣ መደርደሪያ ሲይዝ። ዓይን ሊያርፍበት የሚገባ ነገር የሌለበት ግድግዳ ደመቅ ሲል ቤቱ ግማሽ ላይ የቆመ ሥራ ይመስላል።

ስለ ማንጸባረቅ ባጭሩ፦ የማያበራ ቀለም የስቱኮን ጉድለት ይደብቃል ግን ቆሻሻ ይይዛል፤ የሚያበራ ይታጠባል ግን ጉድለቱን ሁሉ ያወጣዋል። ወጥ ቤት ውስጥ ክርክር የለም፤ ቁሌት የሚቁላላበት ግድግዳ መታጠብ የሚችል ቀለም ይፈልጋል። ሳሎን ውስጥ ቡና የሚቆላበትንና ዕጣን የሚጨስበትን ጥግ ግን ብዙ ሰው ይረሳል። ከጊዜ በኋላ በላዩ ያለው ኮርኒስ ይበጫል። ቀቢው «ቡና የምታፈሉት የት ነው?» ብሎ ከጠየቀ ሥራውን ያውቃል።

የቀቢ እጅ የሚለየው ጠርዝ ላይ ነው። ኮርኒሱና ግድግዳው የሚገናኙበት መስመር ቀጥ ማለቱን፣ የበሩ መቃን ላይ ቀለም አለመሻገሩን፣ ማጠፊያው አለመቀባቱን ይመልከቱ። የሶኬትና የማብሪያ ማጥፊያ ክዳን ተፈትቶ የተቀባ ነው ወይስ ዙሪያው ብቻ ታልፏል? በብሩሽ የተቀባው ጠርዝ ሳይደርቅ ሩሎ ካልደረሰበት ደግሞ ግድግዳው ዙሪያውን እንደ ሥዕል ፍሬም ጠቆር ያለ መስመር ይይዛል። ይህን ሌላ እጅ መቀባት ሁልጊዜ አያጠፋውም።

የግድግዳ ወረቀት ለእኛ አዲስ አይደለም። የጭቃ ቤትን ግድግዳ በጋዜጣና በመጽሔት ገጽ ለጥፎ ማስዋብ የብዙዎቻችን የልጅነት ትዝታ ነው። አሁን የሚሸጠው ጥቅል በብዛት 53 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 10.05 ሜትር ርዝመት አለው። ስሌቱ በካሬ ሜትር ብቻ ከተሠራ ያሳጥራል፤ አበባው መገጣጠም አለበትና። 2.8 ሜትር ከፍታ ባለው ግድግዳ ላይ፣ ንድፉ በየ64 ሳንቲ ሜትሩ የሚደገም ከሆነ፣ ለአንድ ቁራጭ 3.2 ሜትር ይቆረጣል፤ ከአንድ ጥቅል 3 ቁራጭ ይወጣል። 4 ሜትር ስፋት 8 ቁራጭ ይፈልጋል፤ ስለዚህ 3 ጥቅል። ሁሉም ላይ የታተመው የምርት ቁጥር አንድ መሆኑን ሱቁ ውስጥ እያሉ ያረጋግጡ፤ ቁጥሩ ሲለያይ ቀለሙም በጥቂቱ ሊለያይ ይችላል።

ጥሩ ንድፍ መደጋገሙን ይደብቃል። በ19ኛው መቶ ዘመን እንግሊዛዊው ዊሊያም ሞሪስ የነደፋቸው ወረቀቶች እስከ ዛሬ የሚታተሙት ለዚህ ይመስለኛል፤ ቅጠሉ ከቅጠል እየተጠላለፈ ንድፉ የት እንደ ተጀመረ ዓይን ቶሎ አያገኘውም። አንድ ናሙና ከሩቅ ሲያዩት አንዱ አበባ ብቻ በረድፍ በረድፍ ከወጣ፣ ከወር በኋላ ከዚያ ረድፍ ሌላ ነገር አይታይዎትም። ለጣፊውን ደግሞ በቱንቢው ይለዩት። ጥሩ ለጣፊ ጥግን አያምንም፤ የመጀመሪያውን ቁራጭ በቱንቢ ካወረደው መስመር ይጀምራል፤ ግድግዳችን ቀጥ ያለ ጥግ እምብዛም የለውምና። የማይገጥመው የመጨረሻው መጋጠሚያ ከበሩ ኋላ እንዲውል ያሰላል። እርጥብ ግድግዳ ላይ ግን ወረቀት፣ በተለይ ፕላስቲክ ለበሱ፣ አይለጠፍ፤ ከሥሩ ሻጋታ ያበቅላል።

ውበት ጤናን ሊነካ እንደሚችልም መርሳት የለብንም። በሞሪስ ዘመን የነበሩ ብዙ አረንጓዴ ወረቀቶች አርሴኒክ ነበረባቸው። በእኛ ዘመን የሚያሳስበው በዘይት ቀለም ውስጥ የሚገኘው እርሳስ ነው፤ በተለይ በደማቅ ቢጫና ቀይ። ኢትዮጵያ በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ደንብ በቀለም ውስጥ የሚፈቀደው እርሳስ ከ1 ሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ተወስኗል። ከዚያ በፊት የተቀባ በርና መስኮት ሲታደስ በደረቁ አይፈገፈግ፤ ውሃ እያስነኩ ይፈገፈግ፣ ልጆችም ከክፍሉ ይውጡ።

ቀቢው «ጨርሻለሁ» ባለ ሰዓት ቀሪውን ሂሳብ አይዝጉ። ማታ አምፖሉ በርቶ፣ በማግስቱም ፀሐይ በመስኮቱ ስትገባ አብራችሁ እዩት። እጁ የሠላ ባለሙያ ጉድለቱን እርስዎ ሳያገኙት «እዚህ ጋ አንድ እጅ ይቀረዋል» ብሎ ራሱ ያሳያል። ለእንዲህ ያለው ሰው የጠየቀውን ይክፈሉ፣ ስልኩንም ይያዙ። የተረፈውን ቀለም በትንሽ ዕቃ ገልብጦ ክዳኑ ላይ የቀለሙን ቁጥር፣ የክፍሉን ስምና ቀኑን እንዲጽፍልዎም ይጠይቁት።