ያላለቀ ምርምር በሊቃውንት ፊት፦ የሚድልዌር ዶክትሬት ተማሪዎች መድረክ ከነጌሌ ቦረና ሲታይ

የዶክትሬት ተማሪ ጥናቱን ጨርሶና አስጠርዞ በፈታኞች ፊት ሲቆም የሚሰጠው አስተያየት ሥራውን ለማቅናት ብዙም አይጠቅምም፤ ጊዜው አልፏልና። ይህን ጉድለት ለመሙላት በኮምፒዩተር ሳይንስ ዘርፍ የተለመደ አንድ አሠራር አለ። ተማሪው ገና በመንገድ ላይ ሳለ ችግሩን፣ ያሰበውን መፍትሔና ውጤቱን የሚለካበትን ዘዴ በጥቂት ገጾች ጽፎ ከራሱ ዩኒቨርሲቲ ውጭ ለሆኑ ሊቃውንት ያቀርባል፤ እነርሱም ይጠይቁታል፣ ያርሙታል። በሚድልዌር ምርምር ዓለም አቀፉ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1998 በእንግሊዝ አገር የተጀመረ ሲሆን፣ ለዶክትሬት ተማሪዎች የተለየው መድረክ በ2004 በቶሮንቶ ተከፍቶ በ2005 በግሬኖብል፣ በ2006 በሜልቦርን ቀጥሏል። የዚህ ሐተታ ዓላማ መድረኩ ምን እንደሚያስተምርና ምን እንደሚያመልጠው መመርመር ነው። ምርመራው ከነጌሌ ቦረናና ከደቡብ ቆላ ከተሞች አንጻር መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሚድልዌር በእውነት የሚፈተነው መስመሩ በሚበጠስበት ስፍራ ነው።

ቃሉ እ.ኤ.አ. በ1968 በጀርመን አገር በጋርሚሽ ስለ ሶፍትዌር ምሕንድስና በተደረገው ስብሰባ ዘገባ ላይ ይገኛል። ትርጉሙም በኮምፒዩተሩ መሠረታዊ ሥርዓትና ተጠቃሚው በሚሠራበት ፕሮግራም መካከል፣ ወይም በተራራቁ ኮምፒዩተሮች መካከል ሆኖ መልእክት የሚያቀባብል ሶፍትዌር ማለት ነው። የቆላው መምህር ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያሻውም። ቱላ በሚባሉት የቦረና ጥልቅ ጉድጓዶች፣ ለምሳሌ በዱብሉቅ፣ ከታች ውኃ የሚቀዳው ሰው ከብቱን አያይም፤ ገንዳው ዘንድ የቆመውም የውኃውን መጠን አያይም። በመካከል ከታች እስከ ላይ ተደራርበው የቆሙት ሰዎች መቅጃውን እጅ በእጅ ይቀባበላሉ። ዜማቸውም ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ ሙሉው ሲወጣ ባዶው እንዲወርድ ቅብብሉን ያስተካክላል። ከመካከል አንዱ ቢጎድል ውኃ እያለ ከብት ይጠማል።

መድረኩ የሚመሰገንበት ነገር ግልጽ ነው። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪው የጥናት ዕቅዱን ለትምህርት ክፍሉ ካቀረበ በኋላ እስከ መጨረሻው ፈተና ድረስ በአብዛኛው የሚሰማው የአማካሪውን ድምፅ ነው። አዲስ አበባ በ2015 እ.ኤ.አ. አፍሪኮን የተባለውን የምሕንድስና ጉባኤ፣ ባሕር ዳርም በ2019 የኢንፎርሜሽንና ኮሙኒኬሽን ቴክኖሎጂን ለአፍሪካ ልማት የሚያጠናውን ጉባኤ አስተናግደዋል፤ ነገር ግን በእንዲህ ያሉ ጉባኤዎች በብዛት የሚታየው የተጠናቀቀ ውጤት ነው። ያላለቀን ሥራ ያለ ኀፍረት ማቅረብ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው።

ጉድለቱ የሚጀምረው ሊቅ ማን ነው ከሚለው ላይ ነው። አስተያየት ሰጪዎቹ በአመዛኙ የዚያው ሙያ ሰዎች ናቸው። ጥያቄዎቻቸውም የታወቁ ናቸው፦ ሐሳቡ ከቀደሙት ሥራዎች በምን ይለያል? በሴኮንድ ስንት መልእክት ያስተላልፋል? ኮምፒዩተሮቹ ሲበዙ ፍጥነቱ ይቀንሳል ወይ? ይህን መጠየቅ ተገቢ ነው። መብራት ለሁለት ቀን ቢጠፋ፣ ኔትወርክ ለሳምንት ቢቋረጥ፣ መዝገቡን የሚሞላው ሦስት ክፍል የሚያስተምር አንድ መምህር ቢሆን ሶፍትዌሩ ምን ያደርጋል? ይህን የሚጠይቅ ሰው በጠረጴዛው ዙሪያ ከሌለ ተማሪው ጥያቄው መኖሩንም ሳያውቅ ይመረቃል።

ሌላ ዓይነት ሊቅ ሲጨመር ምን እንደሚገኝ የሚያሳይ ምሳሌ ከሞያሌ ማዶ፣ በኬንያ አለ። በአሜሪካ የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ተመራማሪዎችና የእንስሳት ሊቃውንት በአንድነት ዘብራኔት የተባለውን ሥራ እ.ኤ.አ. በ2002 አቀረቡ። በሜዳ አህያ አንገት ላይ የሚታሰረው መሣሪያ እንስሳው ያለበትን ስፍራ እየመዘገበ፣ ሌላ የሜዳ አህያ ሲያገኝ መረጃውን ይለዋወጣል፤ ተመራማሪው በመኪና ሲያልፍ የአንዱን ተቀብሎ የብዙዎቹን ያገኛል። የስልክ አገልግሎት በሌለበት፣ የሰው እጅ ሳይነካው አንድ ዓመት መሥራት አለበት የሚለው መመዘኛ የመጣው ከእንስሳቱ ጥናት ፍላጎት እንጂ ከፍጥነት ውድድር አይደለም። ኢምፓላ የተባለው ሚድልዌርም የተሠራው ለዚሁ ሥራ ሲሆን በ2004 መጀመሪያ ኬንያ ውስጥ ተሞክሯል። እንግዲህ የሜዳ አህያው መዝገብ ከመንጋው ጋር እንዲጓዝ ታስቦለታል፤ ለአርብቶ አደሩ ልጅም ይኸው ቢታሰብለት ምንኛ በጎ ነበር።

የልጁ ጉዳይ ቀላል አይደለም። ቤተሰቡ ውኃና ሣር ፍለጋ ሲዛወር በደረሰበት ትምህርት ቤት እንደ አዲስ ሊመዘገብ፣ በተወው ትምህርት ቤት ደግሞ እንዳቋረጠ ሊቆጠር ይችላል። መጻሕፍትና የትምህርት ቤት ድጎማ የሚደለደሉት በተማሪ ቁጥር ስለሆነ ስሕተቱ ወረቀት ላይ አይቀርም።

ከዚህ የባሰው የስም ጉዳይ ነው። ሞያሌ በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች የተከፈለች ከተማ ናት። ሁለቱም ቋንቋዎች በላቲን ፊደል ይጻፋሉ፤ ሆኖም ኤክስ የተባለው ፊደል በኦሮምኛ የ«ጠ»ን፣ በሶማልኛ የ«ሐ»ን ድምፅ ይወክላል። ሲ የተባለውም በኦሮምኛ «ጨ» ሲሆን በሶማልኛ ከጉሮሮ የሚወጣው የጥንቱ «ዐ» ነው። በዚህ ላይ የአማርኛው ፊደል ሲጨመር የአንድ ልጅ ስም በሦስት መልክ ይጻፋል። ሁለት መዝገቦችን የሚያገናኝ ሶፍትዌር ይህን ካላወቀ አንዱን ልጅ ሦስት ያደርገዋል፣ ወይም ሦስቱን ልጆች አንድ ያደርጋቸዋል። የነጌሌም ነገር እንዲሁ ነው፤ ከተማዋ በሲዳሞ፣ በቦረና፣ በጉጂ ስም ተመዝግባ ኖራ በ2015 ዓ.ም. የምሥራቅ ቦረና ዞን መቀመጫ እንድትሆን ተወስኗል። የትምህርት ቤት መለያ በዞን ስም ላይ ቢመሠረት የሃያ ዓመት መዝገብ እንዴት እንደሚቀጣጠል ለመጠየቅ የወረዳ ስታቲስቲክስ ሠራተኛ መሆን ይበቃል።

መምህራን ከማዕከል የሚወርድን ቴክኖሎጂ ያለ መመለሻ መስመር መቀበል ምን እንደሚመስል ያውቃሉ። ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ በሳተላይት ይተላለፍ የነበረውን የፕላዝማ ትምህርት፣ ተማሪው ባይገባውም እንኳ፣ መምህሩ ሊያስቆመው አይችልም ነበር። ነጌሌም በዚህ ረገድ የራሷ ታሪክ አላት። በጥር 1966 ዓ.ም. በከተማዋ የሠፈረው ጦር ስለ ምግብና ስለ ውኃ ያቀረበው አቤቱታ ሰሚ ቢያጣ አምፆ፣ ጉዳዩን እንዲያጣራ ከአዲስ አበባ የተላከውን ጄኔራል ወታደሩ ከሚበላው እንዲበላ፣ ከሚጠጣው እንዲጠጣ አስገደደው። ሊቃውንቱን እስከዚህ ማስገደድ አያሻም፤ ግብዣ ይበቃል።

ስለዚህ ለትምህርት መረጃ ሚድልዌር የሚሠሩ የዶክትሬት ተማሪዎች መድረክ በአገራችን ሲዘጋጅ፣ ከአስተያየት ሰጪዎቹ መካከል አንድ የቆላ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርና አንድ የወረዳ ስታቲስቲክስ ሠራተኛ ሙሉ ድምፅ ይዘው ሊቀመጡ ይገባል። የጥናቱ ፍሬ ሐሳብ በሥራ ቋንቋቸው በአንድ ገጽ ተጽፎ አስቀድሞ ይድረሳቸው። ተማሪው ሥራውን ሲያሳይ ኔትወርኩ በመካከል ይቋረጥና ምን እንደሚሆን ይታይ። ስፍራውም ያቤሎ የሚገኘው የቦረና ዩኒቨርሲቲ ወይም የቡሌ ሆራ ዩኒቨርሲቲ ቢሆን፣ ጊዜውም ቦና በሚባለው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ወቅት ቢመረጥ፣ እንግዶቹ ከመንጋው ጋር የሄዱትን ተማሪዎች ባዶ መቀመጫ ራሳቸው ሊቆጥሩ ይችላሉ።