ባዶ የተተወችው ቦታ

የጋይንቷ ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት። ሌላ ደብር ብዙ ዓመት የቀጸለ ተማሪም መምህር ለመባል እዚያ ሄዶ ይመሰክራል። ድጓውን በእጁ ይጽፋል፤ ከየቃሉ አናት ላይ የዜማ ምልክቶቹን፣ ይዘቱን፣ ደረቱን፣ ድፋቱን፣ ቅናቱን በደቃቅ ጽሕፈት ያኖራል። አንዲት ጭረት ከቦታዋ ፈቀቅ ካለች ዜማው ይዛነፋል። ገጽ በገጽ ያው ሥራ ነው፤ ልቡ የሸፈተበት አይዘልቀውም።

በዚያው ዓይን የማየው ሌላ ሥራ አለ፤ ፊደላችንን ኮምፒውተር ውስጥ ያስገቡት ባለሙያዎች ሥራ። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የኮምፒውተር ፊደላት ቁጥር መስፈርት፣ ዩኒኮድ 3.0፣ ለፊደሉ፣ ለአኃዙና ለሥርዓተ ነጥቡ በጠቅላላው 345 ቁጥሮች መደበ። ከሩቅ ለሚያየው ሰንጠረዥ መሙላት ነው። ጠጋ ሲሉ ግን ያስገርማል።

ሀ 4608 ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ለየፊደሉ ቤት ስምንት ስምንት ቦታ ተሰጠ፤ ሰባቱ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ላሉት፣ ስምንተኛዋ እንደ ሏ ላሉት። እናም ከአንድ ፊደል ቁጥር ላይ 4608 ቀንሶ ለስምንት ያካፈለ ሰው ቀሪውን አይቶ ፊደሉ ስንተኛ እንደሆነ ያውቃል። ዜሮ ግዕዝ፣ አንድ ካዕብ፣ እንዲያ እያለ ይሄዳል። የጋይንት ጋ ቁጥሩ 4875 ነው፤ ቀሪው 3፣ ራብዕ። የስማዳ ስ እና የእስቴ እ ሁለቱም ቀሪያቸው 5 ነው፤ ሳድስ።

ከሁሉ የምወደው ግን ቈ ነው። ቈ ካዕብ የለውም። የቸኮለ ሰው ቢሆን ቈ ቊ ቋ ቌ ቍን አከታትሎ ደርድሮ ይገላገል ነበር። ባለሙያዎቹ ግን ከቈ ቀጥሎ አንዲት ቦታ ባዶ ትተው ቊን በሣልስ ቦታው አስቀመጡት። ያቺ ቦታ ዛሬም ባዶ ናት፤ በእርሷ ምክንያት ስሌቱ ቈ ቤት ሲደርስ አይሳሳትም።

እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ ዩኒኮድ 4.1 አሥር የዜማ ምልክቶችን ጨመረ፤ ድፋትና ቅናት፣ ጭረትና ሂደት፣ ርክርክና ቁርጥ ሁሉ ቁጥር አገኙ። ለፊደላችን ብዙ ከደከሙት አንዱ ዳንኤል ያዕቆብ ነው።

የሶፍትዌር ባለሙያ አብዛኛው ቀኑ የሚያልፈው በእንዲህ ያለ ሥራ ነው። አዲስ መፈልሰፍ አልፎ አልፎ ይመጣል እንጂ የዕለት እንጀራው ሰንጠረዥ፣ ፍተሻና እርማት ነው። እኔ የሥራው ደስታ እዚያ ውስጥ አለ ባይ ነኝ። የስም ፍለጋን ብቻ እንይ። ኃይሉ በስድስት ዓይነት ሀ ይጻፋል፤ በሀ፣ በሃ፣ በሐ፣ በሓ፣ በኀ፣ በኃ። ቤቶቹ በሥርዓት ስለተደረደሩ ከሐ ቤት ቁጥር 16፣ ከኀ ቤት ደግሞ 128 ሲቀነስ ፊደሉ ሀ ቤት ይገባል። ይህ ግን አይበቃም፤ ኃ ተቀንሶ ሃ እንጂ ሀ አይሆንም። ባለሙያው ይህን ካላሰበ ኃይሉን ለሚፈልግ ሰው ሀይሉ አይገኝለትም። ስለዚህ ግዕዙንና ራብዑን አንድ የሚያደርግ ሌላ መስመር ይጨምራል፤ አ እና ዐ ቤትም ላይ እንዲሁ ያደርጋል። ከዚያ ስድስቱንም አጻጻፍ አንድ በአንድ ይፈትሻል፤ በስድስቱም ኃይሉ መገኘቱን ሳያይ አይነሣም።