«ኮንታክት» አደጋ ነው ወይስ ዕቃ?

በአዊ ዞን ቆሰበር፣ እንጅባራም በሚባለው ከተማ፣ ለኤሌክትሪክ ሠራተኝነት የብቃት ምዘና የሚዘጋጅ ወጣት ብዙ ጊዜ በቤቱ አዊኛ፣ በሥራው አማርኛ፣ በመጽሐፉ እንግሊዝኛ ይጠብቀዋል። ይበልጥ የሚያስተው ግን እንግዳው ቃል ሳይሆን የለመደው ነው።

ቤት ሲቃጠል «ኮንታክት ነው» እንላለን፤ ይኸውም የፌዝና የኒውትራል ሽቦዎች በመካከላቸው አምፖል ወይም ሞተር ሳይኖር መነካካታቸው ነው። በሙያው መጽሐፍ ግን ኮንታክት ማለት በማብሪያ ማጥፊያ ውስጥ እየገጠመና እየተለያየ ኮረንቲን የሚያሳልፍና የሚያቋርጥ ብረት ነው። ተፈታኙ ስለ ዕቃው ብልሽት ተጠይቆ ስለ አደጋው ቢጽፍ፣ የጣለው ቃሉ እንጂ የሙያ ጉድለት አይደለም።

የ1989 ዓ.ም. የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ታላቅ ሥራ መሆኑ አያጠራጥርም፤ ነገር ግን ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚሄድ ስለ ሆነ፣ የአፉን ቃል ይዞ ለሚመጣ ሰው መግቢያ በር የለውም። «አጭር ዙር» ብሎ ቃል በቃል መተርጎምም አይበጅም፤ አደጋው ያለው በመንገዱ ማጠር ሳይሆን ኮረንቲው አምፖሉን ትቶ በማለፉ ነውና። በበኩላችን «አቋራጭ» ቢባል እንመርጣለን። ከዚያ በፊት ግን «ኮንታክት» የሠራተኛው ፍች አንደኛ፣ የመጽሐፉ ሁለተኛ ሆኖ በአማርኛ ተራው ይመዝገብ።