ቅኑንም የወሰደ ጎርፍ

በእንግሊዛዊው ፖል ቶርዴይ ልብ ወለድ፣ «ሳልሞን ማጥመድ በየመን» (እ.ኤ.አ. 2007)፣ በስኮትላንድ የግል ርስትና ወንዝ ያላቸው የመናዊ ሼህ ሳልሞን የተባለውን ዓሣ ወደ በረሃማ አገራቸው ሊያስገቡ ይነሳሉ። ሐሳቡ ያስቃል። የሰበታን የዓሣ ምርምር ማዕከል ለሚያውቅ አንባቢ ግን ዓሣ አራብቶ ወደ ሌላ ውኃ መጨመር ቀልድ አይደለም፤ የሳልሞን ዘመድ የሆነው ትራውትም ከውጭ መጥቶ በባሌ ወንዞች ተራብቷል። ስለዚህ የደራሲው ስላቅ ያነጣጠረው በዓሣው ሳይሆን፣ ፎቶግራፍ ሊነሳበት በሚሮጠው ጠቅላይ ሚኒስትር ላይ ነው እላለሁ። በመጨረሻም ደራሽ ጎርፍ ጠቅላይ ሚኒስትሩንም ሼሁንም ይወስዳል። ለታይታ የተጣደፈ ሥራ ቅኑን ሰው ጭምር ይዞ ይጠፋል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ፊልም ሼሁን አትርፎ ታሪኩን በፍቅር ይቋጫል። ተመልካች ይደሰት ይሆናል፤ የመጽሐፉ ቁም ነገር ግን ከጎርፉ ጋር ቀርቷል።