ማሞ ቂሎና የልጆቻችን መደርደሪያ

ማሞ ቂሎን የማያውቅ የለም። እናቱ የመከረችውን አጥብቆ ይይዛል፤ ጥፋቱ የትናንቱን ምክር ለዛሬው ጉዳይ ማዋሉ ብቻ ነው። ይህን ተረት አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን አዘጋጅተው፣ በባለ ቀለም ሥዕል አስጊጠው እ.ኤ.አ. በ2002 አሳትመውታል። ለሥራው ያነሣሣቸው በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በሕፃናት ክፍል ሲሠሩ በአማርኛ የተጻፈ ተስማሚ የልጆች መጽሐፍ ማጣታቸው ነበር።

የተረቱ ብልጫ ልጁን ማመኑ ነው። የማሞን ሞኝነት ማንም ሳያብራራለት ሕፃኑ ራሱ ደርሶበት ይስቃል። ብዙዎቹ የልጆች መጻሕፍቶቻችን ግን ይህን እምነት ይነፍጉታል። ከበደ ሚካኤል በ«ታሪክና ምሳሌ» ምክራቸውን በስንኝ ለዛ አጅበው ስለሚያቀርቡት ምክሩ አይጎረብጥም። ከእርሳቸው በኋላ የመጡት በርካታ ጸሐፊዎች ስንኙን ትተው ምክሩን ብቻ ወረሱ። ስለዚህ ልጁ ታሪኩን ሊጀምር ሲል መጨረሻው ተግሣጽ መሆኑን አስቀድሞ ያውቀዋል።

ሁለተኛው ችግር የመጽሐፉ መገኛ ነው። አቶ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ ሾላ አካባቢ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ ኋላም በሐዋሳ በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት ተጀመረ። እሰየው የሚያሰኝ ተግባር ነው። ይሁን እንጂ ከባሕር ማዶ በስጦታ የሚመጣ መጽሐፍ በአብዛኛው እንግሊዝኛ ነው። በእንግሊዝኛ ገና ያልበረታ ልጅ ሥዕሉን አይቶ መጽሐፉን ይመልሳል።

የእኛው ተረት እንኳ ከዚህ ዕጣ አላመለጠም። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ብሪታኒያዊቷ ደራሲ ኤልዛቤት ሌርድ በብሪቲሽ ካውንስል ድጋፍ በየክልሉ እየዞረች ተረቶችን ሰብስባለች፤ ተረቶቹም በቀላል እንግሊዝኛ ለተማሪዎች ታትመዋል። ከመጥፋት ማዳኑ ትልቅ ውለታ ነው። ነገር ግን በአፋርኛ ወይም በሐረሪ የተነገረውን ተረት የተራኪዋ የልጅ ልጅ በእንግሊዝኛ ሲያነበው የአያቱ ድምፅ ከመሐል ይወጣል።

ውድ አንባቢያን፣ በለውህ ላይ ፊደል የቆጠረውም ሆነ በትምህርት ቤት ሰሌዳ የተማረው ልጅ ንባብን የሚያውቀው ከሽምደዳና ከፈተና ጋር ነው። ለደስታው የሚያነበው የለውም። ማንበብ ከቻለ ይበቃዋል የሚለው የትናንት ምክር ደግሞ ለዛሬው ልጅ አይሆንም፤ ማንበብ የሚችል፣ የሚያነበው ያጣ ልጅ ችሎታውን ይረሳዋል። ገንዘብ ያለው ሕንፃ ይሥራ። ሌሎቻችን አቅማችን የሚፈቅደውን እንጀምር፦ የአያቶችን ተረት በተነገረበት ቋንቋ መጻፍ፣ ፋጡማንና አህመድን ከነቤታቸውና ከነሰፈራቸው ወደ ታሪኩ ማስገባት፣ በየመድረሳውና በየቀበሌው አንዲት መደርደሪያ ማቆም። ከሁሉ በላይ ደግሞ መጽሐፉ ይቆሸሻል ብለን ሳንሳሳ ልጁ ይዞት ወደ ቤቱ እንዲሄድ እንፍቀድለት።