በመዝሙር ሰዓት መንበርከክ፦ የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቾች ተቃውሞና የሕዝቡ ምላሽ

ከ2016 እስከ 2020 ባሉት ዓመታት (በዚህ ዳሰሳ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ የፕሮፌሽናል ፉትቦል ሜዳዎች ብሔራዊ መዝሙር ሲዘመር በተንበረከኩ ተጫዋቾች ምክንያት የተነሣው ሕዝባዊ ክርክር፣ ስለ ተጫዋቾቹ ከሚናገረው ይልቅ ስለ ተመልካቾቻቸው የሚናገረው ያመዝናል። ተጫዋቾቹ ያነሡት ጥያቄ ግልጽ ነበር፤ ፖሊሶች ጥቁር ዜጎችን ሲገድሉ ስለምን ተጠያቂ አይሆኑም የሚል ነው። አብዛኛው ሕዝብ የተከራከረው ግን በሌላ ጥያቄ ላይ፣ ማለትም ለሰንደቅ ዓላማ አለመቆም ተገቢ ነው ወይስ አይደለም በሚለው ላይ ነበር። ይህ ዳሰሳ የሚመረምረው በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል ያለውን ክፍተት ሲሆን፣ መከራከሪያ ሐሳቡም ክፍተቱ ከአለመግባባት የመጣ ሳይሆን የምላሹ ዋና ሥራ ራሱ እንደ ነበር ማሳየት ነው።

ጨዋታው በኢትዮጵያ እግር ኳስ ከሚባለው የተለየ፣ ሞላላ ኳስ በእጅ ተይዞ እየተሮጠና እየተወረወረ የሚካሄድ ነው። የሚያስተዳድረው ብሔራዊ የፉትቦል ሊግ 32 ክለቦች ያሉት ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ከተጫዋቾቹ ወደ 70 በመቶ የሚጠጉት ጥቁሮች ሲሆኑ የክለብ ባለቤቶቹ ግን ከጥቂቶች በስተቀር ነጮች ነበሩ። ተቃውሞውን የጀመረው ኮሊን ካፐርኒክ በሳን ፍራንሲስኮ ፎርቲናይነርስ ክለብ ኳርተርባክ፣ ማለትም የቡድኑን የማጥቃት እንቅስቃሴ የሚመራና ኳሱን የሚያከፋፍል ተጫዋች ነበር። በጁላይ 2016 አልተን ስተርሊንግ በባተን ሩዥ፣ ፊላንዶ ካስቲል ደግሞ በሚኒሶታ በፖሊስ ጥይት ተገደሉ፤ በቀጣዩ ወር በተካሄዱት የዝግጅት ጨዋታዎች ላይ ካፐርኒክ መዝሙሩ ሲዘመር ከመቀመጫው ሳይነሣ ቀረ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጊዜያት ልብ ያለው አልነበረም፤ ኦገስት 26 ቀን በጋዜጠኞች ዓይን ከገባና ምክንያቱን ከተጠየቀ በኋላ፣ ጥቁሮችንና ሌሎች ነጭ ያልሆኑ ዜጎችን ለምትጨቁን አገር ሰንደቅ ዓላማ ኩራት ለማሳየት እንደማይቆም ተናገረ። ንግግሩ ስለ ፖሊስ የሚያወሳ ክፍልም የያዘ ቢሆንም፣ በማግስቱ በአገሪቱ መነጋገሪያ የሆነው «አልቆምም» ያለው ክፍል ብቻ ነበር።

ከመቀመጥ ወደ መንበርከክ የተደረገው ሽግግር በክርክሩ ውስጥ ከተገቢው በታች የታየ ነጥብ ነው። የቀድሞው የልዩ ኃይል ወታደርና ለአጭር ጊዜ በሲያትል ሲሆክስ የነበረው ኔት ቦየር፣ በካፐርኒክ ድርጊት ማዘኑን በግልጽ ደብዳቤ ከጻፈ በኋላ ሁለቱ ተገናኝተው ተወያዩ፤ ወታደሮች በወደቀ ጓዳቸው መቃብር ፊት እንደሚንበረከኩ በማስረዳት፣ ከመቀመጥ ይልቅ በጓዶቹ አጠገብ ቢንበረከክ እንደሚሻል የመከረውም ቦየር ነው። ሴፕቴምበር 1 ቀን በሳን ዲዬጎ በተደረገው ጨዋታ ካፐርኒክና የቡድን ጓደኛው ኤሪክ ሪድ ጎን ለጎን ተንበረከኩ። የባተን ሩዥ ተወላጅ የሆነው ሪድ በኋላ እንደ ጻፈው፣ ድርጊቱን ያሰቡት ሐዘንን ለመግለጽ ዝቅ ብሎ እንደሚውለበለብ ሰንደቅ ዓላማ ነበር። እንግዲህ ወታደርን አዋረደ የተባለው ምልክት ከወታደር ልማድ የተቀዳና በወታደር ምክር የተመረጠ ነው ማለት ነው። መንበርከክን በጸሎት፣ በልመናና በእርቅ ሥርዓት ለሚያውቀው ኢትዮጵያዊ አንባቢ፣ ሰው በመንበርከኩ ነገርን አቃለለ መባሉ እንግዳ ቢሆንበት አያስደንቅም። ተቃውሞው ከስድብ ወደ አክብሮት የቀረበ መልክ ሲይዝ ቁጣው አለመቀነሱ፣ የቁጣው መነሻ የምልክቱ መልክ ብቻ እንዳልነበረ የሚጠቁም የመጀመሪያው ማስረጃ ነው።

ድምፅ አልባ ምልክት ትርጉሙን ለተመልካቹ አሳልፎ የሚሰጥ መሆኑን ኢትዮጵያውያን ካፐርኒክ በተቀመጠበት በዚያው ወር በራሳቸው አትሌት አይተዋል። ኦገስት 21 ቀን 2016 ፈይሳ ሌሊሳ በሪዮ ዴ ጄኔሮ የማራቶን ውድድር ሁለተኛ ሆኖ ሲገባ ክንዶቹን ከራሱ በላይ አመሳቀለ፤ በኦሮሚያ ሲካሄድ በነበረው ተቃውሞ ከተገደሉትና ከታሰሩት ጋር መቆሙን እንደሚያመለክትም በቃሉ አስረዳ። ሁለቱ ጉዳዮች በሁሉም አይመሳሰሉም። ፈይሳ ወደ አገሩ የተመለሰው ከሁለት ዓመት በላይ በስደት ከቆየ በኋላ በኦክቶበር 2018 ሲሆን፣ ካፐርኒክን ግን ሕግ አላሳደደውም። የሚያገናኛቸው፣ ስፖርት ከፖለቲካ ነጻ መሆን አለበት የሚለው መርሕ በሁለቱም ላይ የተጠቀሰ መሆኑ ነው፤ መርሑ ግን መዝሙርና ሰንደቅ ዓላማ በስፖርት ሜዳ መገኘታቸውን እንደ ፖለቲካ አይቆጥርም፤ እንደ ፖለቲካ የሚቆጥረው ከእነርሱ ፊት ለየት ብሎ የታየውን ሰው ብቻ ነው።

የዚህን አድልዎ ሥር ለመረዳት የሶሲዮሎጂ ሊቁ ሮበርት ቤላ በ1967 ባሳተመው ጽሑፍ ያስተዋወቀው «ሲቪል ሃይማኖት» የተሰኘ ጽንሰ ሐሳብ ይረዳል። ሲቪል ሃይማኖት ማለት አንድ ሕዝብ ከቤተ እምነቶቹ ውጭ ስለ አገሩ የሚይዘው የቅድስና ስሜት ሲሆን፣ የራሱ በዓላት፣ ሰማዕታት፣ ምልክቶችና ሥርዓቶች አሉት። ከጨዋታ በፊት የሚዘመረው መዝሙር ከእነዚህ ሥርዓቶች አንዱ ነው። ሥርዓት ደግሞ ጥንታዊና የማይነካ መስሎ ሲታይ ይበልጥ ይጸናል፤ ታሪኩ ሲመረመር ግን ሌላ ነገር ይገኛል። መዝሙሩ በስፖርት ሜዳ ሥር መስደድ የጀመረው አገሪቱ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ሳለች በ1918 በቤዝቦል ፍጻሜ ውድድር ላይ ሕዝቡ ሳይታሰብ ተነሥቶ በዘመረበት ጊዜ ሲሆን፣ በሕግ ብሔራዊ መዝሙር የሆነው በ1931 ነው። ይበልጥ የሚያስገርመው፣ እስከ 2009 ድረስ በሊጉ የምሽት የቴሌቪዥን ጨዋታዎች ላይ ተጫዋቾች በአብዛኛው መዝሙሩ እስኪያልቅ በመልበሻ ክፍል ይቆዩ የነበረ መሆኑ ነው። በ2015 ሴናተሮቹ ጆን ማኬይንና ጄፍ ፍሌክ ባወጡት ሪፖርት ደግሞ፣ የመከላከያ ሚኒስቴር ወታደሮችን ለማክበር በሚል በሜዳ ላይ ለሚታዩ ትዕይንቶች ለስፖርት ክለቦች ወደ 6.8 ሚሊዮን ዶላር መክፈሉ ተገልጧል። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ተመልካች ከልቡ የቆመለት ሥርዓት ከፊሉ በውል የተገዛ መሆኑ የተመልካቹን ስሜት ሐሰት አያደርገውም፤ ካፐርኒክ ከጥንት የወረደ ወግ አፈረሰ የሚለውን ክስ ግን መሠረት ያሳጣዋል።

በመንበርከኩ የተቆጡትን ሰዎች ስሜት ሐሰት ማለት አይገባም የሚለው ነጥብ ማብራሪያ ይፈልጋል፤ ብዙ የተቃውሞው ደጋፊዎች የዘለሉት ክፍል ነውና። ልጇ በኢራቅ ወይም በአፍጋኒስታን ሞቶ በሰንደቅ ዓላማ ተጠቅልሎ ለተመለሰላት እናት፣ ያ ጨርቅ የመንግሥት አርማ ከመሆኑ በፊት የልጇ ከፈን ነው። እንዲህ ያለው ሐዘን ክርክር አይደለምና በክርክር አይረታም። ካፐርኒክ ራሱም ለተቃዋሚዎቹ መሣሪያ ሰጥቷል፤ በ2016 ልምምድ ላይ የፖሊስ ቆብ የደፉ ዓሣማዎች የተሳሉበት ካልሲ ማድረጉ፣ የሚታገለው ሥርዓቱን እንጂ ግለሰብ ፖሊሶችን አይደለም ለሚሉት ደጋፊዎቹ ፈታኝ ነበር። ያም ሆኖ ሁሉም ወታደር አንድ ስሜት አልነበረውም፤ ለመናገር ነጻነት ነው የተዋጋነው በማለት ከተጫዋቾቹ ጎን የቆሙ የቀድሞ ወታደሮች ጥቂት አልነበሩም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ በ1943 በዌስት ቨርጂኒያና በባርኔት ጉዳይ ላይ፣ ተማሪዎች ለሰንደቅ ዓላማ ሰላምታ እንዲሰጡ መንግሥት ሊያስገድዳቸው እንደማይችል ወስኗል። ሊጉ የግል ድርጅት በመሆኑ ይህ ውሳኔ በቀጥታ አይመለከተውም፤ የአገሪቱ ሕግ ግን በጦርነት ጊዜ እንኳ ከግዳጅ አክብሮት ይልቅ ሕሊናን እንዳስቀደመ ያሳያል።

በሴፕቴምበር 2017 ክርክሩ ሌላ መልክ ያዘ። ካፐርኒክ በዚያው ዓመት ማርች ውሉን አቋርጦ ወጥቶ የሚቀጥረው ክለብ ባጣበትና የሚንበረከኩት ተጫዋቾች ቁጥር ጥቂት በሆነበት ወቅት፣ ሴፕቴምበር 22 ቀን ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ በአላባማ ግዛት በሃንትስቪል ከተማ ባደረጉት ንግግር፣ የክለብ ባለቤቶች የሚንበረከኩትን ተጫዋቾች ከሜዳ እንዲያባርሩ በስድብ ቃል ጠየቁ። ከሁለት ቀን በኋላ፣ እሑድ፣ ከ200 በላይ ተጫዋቾች ተንበረከኩ ወይም ተቀመጡ። ብዙዎች ይህን የንቅናቄው ከፍታ አድርገው ይቆጥሩታል፤ በቅርብ ሲታይ ግን ጥያቄው ይበልጥ የደበዘዘው በዚያን ዕለት ነው። ተጫዋቹ የሚንበረከከው ስለ ስተርሊንግና ስለ ካስቲል መሆኑ ቀርቶ ለፕሬዚዳንቱ መልስ ለመስጠት ሆነ፤ የክለብ ባለቤቶችም ክንድ ለክንድ ተያይዘው ከተጫዋቾቻቸው ጋር ቆሙ፤ የዳላስ ካውቦይስ ባለቤት ጄሪ ጆንስ በማግስቱ ከቡድናቸው ጋር ተንበረከኩ፣ መዝሙሩ ከመጀመሩ በፊት ግን ተነሡ። አንድነት የሚለው ቃል ሁሉንም ያስማማ የነበረው፣ ማን በማን ላይ ምን እንዳደረገ ስለማይናገር ነው።

በዚያው እሑድ የታየ አንድ ምሳሌ ሕዝቡ ማየት የሚፈልገውን ብቻ ያይ እንደ ነበር ያስረዳል። የፒትስበርግ ስቲለርስ ቡድን ከክርክሩ ለመራቅ በቺካጎ መዝሙሩ እስኪያልቅ ሜዳ ሳይገባ ለመቆየት ሲወስን፣ በአፍጋኒስታን የተዋጋው ተጫዋች አሌሃንድሮ ቪያኑዌቫ በመግቢያው አፍ ላይ እጁን በደረቱ አድርጎ ብቻውን ቆሞ ታየ። ምስሉ በተቃውሞው ጠላቶች ዘንድ የጀግንነት ምልክት ሆኖ የተጫዋቹ ማልያ በአንድ ቀን ከሁሉም በላይ ተሸጠ። ቪያኑዌቫ ግን በማግስቱ ወጥቶ ጓደኞቹን ብቻቸውን ያስቀረ መስሎ በመታየቱ እንዳፈረና ይህ ሐሳቡ እንዳልነበረ ተናገረ። ማልያውን የገዙት ሰዎች ይህን ቃሉን አልፈለጉትም፤ ካፐርኒክ ስለ ፖሊስ የተናገረውን ያልፈለጉ ሰዎች እንዳደረጉት ሁሉ፣ ምስሉን ይዘው ሰውየውን ተዉት።

የሕዝብ አስተያየት መለኪያዎችም በዚህ ዐይን መነበብ አለባቸው። በሴፕቴምበር 2017 ሲኤንኤን ባደረገው ጥናት 49 በመቶ የሚሆኑት ተጫዋቾቹ ስሕተት እንደ ሠሩ፣ 43 በመቶው ደግሞ ትክክል እንደ ሠሩ መልሰዋል። የጥናቱ ጥያቄ ራሱ ስለ ተቃውሞው አገላለጽ የሚጠይቅ በመሆኑ፣ መላሹ ስለ ፖሊስ ግድያ ሐሳብ ሳይሰጥ መልሶ እንዲሄድ መንገድ ይከፍትለታል። በተጨማሪም አገላለጹ እንጂ ዓላማው አልተጠላም የሚለው አባባል በታሪክ ተደጋግሞ የተሰማ ነው። በ1961 ጋለፕ ባደረገው ጥናት፣ በአውቶቡስ አብረው እየተጓዙ የዘር መለያየትን የተቃወሙትን «የነጻነት ተጓዦች» 61 በመቶ የሚሆነው አሜሪካዊ ነቅፏል፤ በ1966 ደግሞ 63 በመቶው ስለ ማርቲን ሉተር ኪንግ ጥሩ አመለካከት አልነበረውም። ዛሬ ኪንግን እንደ ጨዋ ተቃዋሚ አርአያ እየጠቀሱ ካፐርኒክን የሚነቅፉ ሰዎች፣ ኪንግ በሕይወት ሳለ ተመሳሳይ ነቀፌታ ይደርስበት እንደ ነበር መዘንጋታቸው እጅግ ያሳዝናል። በስፖርቱም ቢሆን በ1996 የዴንቨር ናጌትስ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ማህሙድ አብዱልራውፍ ለመዝሙሩ አልቆምም በማለቱ ታግዶ፣ ቆሞ እንዲጸልይ በተደረገ ስምምነት ተመልሷል፤ ምልክቱን ባሻሻለ ጊዜም ቁጣው አልበረደለትም።

ሊጉ የወሰዳቸው እርምጃዎች ከገበያ ስሌት ያለፉ አልነበሩም። በሜይ 2018 ሜዳ ላይ ያለ ሁሉ እንዲቆም፣ መቆም የማይፈልግ በመልበሻ ክፍል እንዲቀር የሚያዝ ደንብ አወጣ፤ በጁላይ ከተጫዋቾች ማኅበር ጋር ሲወዛገብ ደንቡን አገደው። ካፐርኒክ ክለቦቹ ተመሳጥረው ሥራ ከለከሉኝ ሲል ያቀረበው አቤቱታ በፌብሩዋሪ 2019 በምስጢር ስምምነት ተዘጋ። በመካከሉ ናይኪ ኩባንያ የካፐርኒክን ምስል ለማስታወቂያ ሲጠቀም፣ አንዳንዶች የገዙትን ጫማ አቃጠሉ።

በሜይ 2020 ጆርጅ ፍሎይድ በሚኒያፖሊስ በፖሊስ ጉልበት ሥር ታፍኖ ሲሞት፣ ተቃውሞው የተናገረው ነገር ከማንም ዓይን ሊሰወር አልቻለም። የሊጉ ኮሚሽነር ሮጀር ጉዴል ጁን 5 ቀን ተጫዋቾችን ባለመስማታቸው መሳሳታቸውን አመኑ፤ የካፐርኒክን ስም ግን በዚያ መግለጫ አላነሡም። የሕዝቡ አስተያየት እንደ ተለወጠ በሰፊው ተነገረ፤ የለውጡ ጥልቀት ግን በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 10 ቀን በካንሳስ ሲቲ በተደረገው የመክፈቻ ጨዋታ ላይ ሊታይ ቻለ። የሂውስተን ቴክሳንስ ተጫዋቾች መዝሙሩ ሲዘመር በመልበሻ ክፍል ቆይተው ከወጡ በኋላ፣ ሁለቱ ቡድኖች በሜዳው መካከል ክንድ ለክንድ ተያይዘው ለአፍታ በዝምታ ቆሙ። በዚያች አፍታ መዝሙር አልተዘመረም፣ የተንበረከከም አልነበረም፤ በወረርሽኙ ምክንያት በቁጥር ተወስኖ ከገባው ተመልካች መካከል ግን የተቃውሞ ጩኸት ተሰማ። የቴክሳንሱ ጄ.ጄ. ዋት ከጨዋታው በኋላ፣ ሰንደቅ ዓላማ ባልነበረበት፣ ሁለት ቡድኖች አንድነት ለማሳየት ከመቆም ያለፈ ምንም ባላደረጉበት ጊዜ የተሰማው ጩኸት እንዳልገባው ተናግሯል። አራት ዓመት ሙሉ ጉዳዩ የመዝሙር ክብር ነው ሲሉ የቆዩት ሁሉ መልስ ሊሰጡበት የሚገባቸው ጥያቄም ይኸው የዋት ጥያቄ ነው።